የቹንቾኑ እርሳስ

ቹንቾን የምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ የሄድኩት ኮሪያ ለዘመተው ጦራችን፣ ለቃኘው ብዬ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ልጆች እያለን ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። ለመምህራን ሥልጠና ሁለት ሳምንት ሴኡል ትሄጃለሽ ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ፎቶ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልዝለለው። ከማደሪያ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ማደሪያ ነበር።

ደግነቱ ሴኡል ሰው ነበረኝ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ እዚያ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። ጢም አብቅሏል፤ ኮሪያኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ አሁንም ግን «ቲቸር» ነው የሚለኝ። እሁድ ዕለት መጣና «ቲቸር፣ ቤተ መንግሥት ላሳይዎት ወይስ እኔ የማጠናውን ነገር?» አለኝ። አንተ የምታጠናውን አልኩት።

ናምዮንግ ባቡር ጣቢያ ወረድን። ከሐዲዱ አጠገብ ጥቁር የጡብ ሕንፃ አለ። በ1976 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተሠራ የፖሊስ ምርመራ ቤት ነበር፤ አሁን የዲሞክራሲ ትግሉ ሙዚየም ሆኗል። የነደፈው ኪም ሱ-ግን ነው፤ የሴኡልን የኦሎምፒክ ስታዲየም የነደፈው ሰው ማለት ነው። ይህን ስሰማ ቆም ብዬ ሕንፃውን እንደገና አየሁት። አምስተኛው ፎቅ ላይ መስኮቶቹ እንደ ስንጥቅ ጠበው ወርደዋል፤ ጭንቅላት አያሾልኩም። ከጀርባው በር ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ በቀጥታ ወደዚያው ፎቅ ይወጣል። ዓይኑ ታስሮ የሚወጣ ሰው ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ አያውቅም። መብራት የሚጠፋውና የሚበራው ከክፍሉ ውጭ ነው።

509 ቁጥር ክፍል ውስጥ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለ። ጥር 14 ቀን 1987 ፓርክ ጆንግ-ቹል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሞተው እዚያ ነው። ሌላ ተማሪ የት እንደተደበቀ እንዲናገር ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ሲደፍቁት ሞተ። ፖሊስ መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ ጠረጴዛ ብንመታ ደንግጦ ወደቀ የሚል ነበር። አገር ያን መግለጫ አልቀበልም ብሎ በዚያው ዓመት ሰኔ ጎዳና ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ በውጭ ባቡር አለፈ፤ ድምፁ ክፍሉ ድረስ ይገባል። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እየሰሙ ነበር ማለት ነው።

ስንወጣ ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እዚህ ያመጡት የፖለቲካውን ሰው ነው። ተራው ሰው የሰፈሩ ጣቢያ ነው የሚደበደበው። ለሱ ጎዳና የሚወጣ የለም።»

ከዚያ የዩን ሶንግ-ዮን ታሪክ ነገረኝ። በ1988 ሁዋሶንግ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ቤቷ ውስጥ ተገደለች። በዓመቱ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ቤት የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ተያዘ። ልጅነቱ ላይ ፖሊዮ ይዞት እግሩ ያነክሳል፤ ክሱ ግን አጥር ተሻግሮ ገባ ይላል። ሦስት ቀን እንቅልፍ ከለከሉት። አመነ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበትና 20 ዓመት ታስሮ በአመክሮ ወጣ። በ2019 እውነተኛው ገዳይ ራሱ ተናገረ፤ በታኅሣሥ 2020 ፍርድ ቤቱ ዩንን ነፃ አለው።

«ቹንቾን ውስጥም አለ፤ ባቡር ላይ እነግርዎታለሁ» አለኝ።

ዓርብ ከሥልጠና ወጥተን ሄድን። ከሴኡሉ ቸንግኒያንግኒ ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ቲኬቱ ለየሰው ስምንት ሺህ ዎን ግድም ነበር። ባቡሩ ደቂቃ አያዛንፍም። ዝምታው ግን አስጨነቀኝ። ማንም ማንንም አያናግርም። እኛ ጋ አዳማ እስክትደርስ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው የልጆቹን ስም ታውቃለህ። ልጁ ታሪኩን በሹክሹክታ ነው የነገረኝ፤ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

መስከረም 27 ቀን 1972 ቹንቾን ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገድላ የሩዝ ማሳ ዳር ተገኘች። አባቷ የአንድ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ነበር። ጊዜው በወታደር ኃይል ሥልጣን የያዘው የፓርክ ቹንግ-ሂ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ገዳዩ በ10 ቀን ውስጥ ይያዝ ብሎ አዘዘ። ካልተያዘ የሚጠየቁት የፖሊስ ኃላፊዎቹ ናቸው። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ተያዘ ተባለ።

የተያዘው ጆንግ ዎን-ሶፕ ነበር። የካርቱን መጻሕፍት የሚያነብቡበት ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ልጆች ቴሌቪዥን ለማየትም እዚያ ይሄዳሉ፤ የሞተችውም ልጅ ትሄድ ነበር። ደበደቡት፤ ውሃም ተጠቀሙበት። አመነ። ሱቁ ውስጥ የሚሠሩ ልጆችንም አስገድደው አስመሰከሩ። ማስረጃ የተባሉት ደግሞ ማሳው ዳር ተገኙ የተባሉ አንድ ማበጠሪያና አንድ እርሳስ ናቸው።

እርሳሱን ለልጁ አሳዩት። ለጆንግ ወንድ ልጅ፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ይህ ያንተ ነው? አሉት። አዎ፣ የኔ ነው አለ።

እዚህ ላይ ተማሪዬን አስቆምኩት። ሀያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። መሬት የወደቀ እርሳስ አንስቼ «የማን ነው?» ስል ሦስት እጅ ይወጣል። አንዱም አይዋሽም፤ ሦስቱም የኔ ነው ብለው ነው። እርሳስ እርሳስ ነው፤ ሁሉም አንድ ሱቅ ነው የሚገዙት። ደግሞ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጠይቃቸው ልጆች መመለስ ይወዳሉ። ትክክለኛ መልስ ያገኙ ይመስላቸዋል።

አያቴ የሌባ ሻይ ነገር ትነግረን ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ደግ ሆነና ቀረ። ስትነግረን የማስበው ሁልጊዜ ሌባ ስለተባለው ሰው ነበር። ያን ቀን ባቡር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጁ አሰብኩ። ሲነቃ ምን ብለው ይነግሩታል?

ሌሊቱን አልተኛሁም። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ አልጋ የለውም፤ ወለል ላይ ቀጭን ፍራሽ ይዘረጋል። ወለሉ ከሥር ይሞቃል፤ ኦንዶል ይሉታል። ለክረምት ግሩም ነገር ነው ይላሉ። ክረምት አልነበረም፤ መቀነሻውም በኮሪያኛ ነው የተጻፈው። ምጣድ ላይ የተኛሁ ያህል ነው። ሰባት ሰዓት ሌሊት ላይ ፍራሹን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ መስኮት ከፍቼ እስኪነጋ ውጭ ውጭውን አየሁ። ጠዋት ባለቤቷን ስነግራት ሳቀች፤ ከሂሳቡ ግን ምንም አልቀነሰችም።

ታክሲውም አስከፋኝ። ሁለት የማይተዋወቁ ቻይናውያን ሴቶችና እኔ ከጣቢያው አንድ ላይ ተሳፈርን። ልጁ ቀደም ብሎ ቡና ቤቱን ሊያይ ሄዶ ነበር። ሹፌሩ ቆጣሪውን አልከፈተም፤ ከሦስታችንም ለየብቻ ሙሉ ሂሳብ ተቀበለን። የኔ 10 ሺህ ዎን ነበር። ልጁ ሲሰማ ከአምስት አይበልጥም አለ። አገሬ ቢሆን በር ይዤ እከራከር ነበር፤ እዚያ አፌ ተሳሰረ። ቋንቋ የሌለው ሰው እንዴት በቀላሉ እሺ እንደሚል በዚያች ደቂቃ ገባኝ። የኔ በ10 ሺህ ዎን አለቀ።

የቃኘው ሐውልት ኮንግጂቾን የሚባል ወንዝ ዳር ነው። በ1968 ጃንሆይ ራሳቸው ባሉበት ተመረቀ። ፊት ለፊቱ ያለው የመታሰቢያ ሙዚየም ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት የሾለ ነው። ከሩቅ ሳየው እንባዬ መጣ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ከአገሬ ተነስቶ ወደዚህ ብርድ መጥቷል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ አጎቴን ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። አንዱን ግን በፈገግታው ጠረጠርኩት።

ከሐውልቱ አጠገብ ከ1968 ጀምሮ ያለ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ቡናችንን ጠጣን። ጀበና ባይሆንም ጥሩ ቡና ነው፤ ውሃውን እያየሁ ስጠጣው ደግሞ የበለጠ ጣፈጠኝ። አጠገባችን አንድ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ከየት ናችሁ አሉን። ኢትዮጵያ ስንል ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። ደነገጥኩ፤ እኔም ብድግ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ልጁ እያስተረጎመ ብዙ አወራን። እዚያው ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በመጨረሻ አላስችል አለኝና ስለ 1972 ጠየቅኋቸው። ልጁ ለማስተርጎም አመነታ፤ ጠይቅልኝ አልኩት።

አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ። ከትምህርት ቤት በቡድን በቡድን ነበር የሚመልሷቸው። በር ላይ መጫወት ቀረ። ሰውዬው ተያዘ ሲባል እናታቸው ከደስታ ብዛት አለቀሱ። ያን ሱቅ ያውቁታል፤ ካርቱን አንብበውበታል። ከዚያ ልጁ እንዲህ ብሎ አስተረጎመልኝ፦ «አመነ ተባለ። እኛም አመንን።»

ልጁ ቃሉን ካወጣው በኋላ እሱም እንደኔ ዝም አለ። በኋላ ስጠይቀው በኮሪያኛ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው አለኝ። በእኛ ግን አንድ ናቸው። የተደበደበው ሰው አመነ፤ የሰማውም አመነ። አማርኛ ስናገር ዕድሜዬን ሙሉ አላስተዋልኩትም ነበር።

አዛውንቱ ቀድመውን ተነሱ። ሂሳብ ስንጠይቅ ከፍለዋል ተባልን። ሮጬ በሩ ላይ ብደርስም ሄደዋል።

ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤቱን አየን። ቅዳሜ ስለነበር ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆመን ተመለስን። በ1973 ጆንግን ዕድሜ ልክ የፈረደበት የቹንቾን ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ችሎት ፊት ቆሞ ያመንኩት ስለደበደቡኝ ነው ብሎ ነበር፤ አልሰሙትም። 15 ዓመት ታስሮ በ1987 በአመክሮ ወጣ፤ ያ ተማሪ ናምዮንግ ጥቁሩ ሕንፃ ውስጥ በሞተበት ዓመት። ፓስተር ሆነ። መጀመሪያ ያቀረበው የዳግም ዳኝነት ጥያቄ ውድቅ ሆነ። በ2007 የመንግሥቱ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩ እንደገና ይታይ አለ። በኅዳር 2008 ያው የቹንቾን ፍርድ ቤት ነፃ ነህ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ2011 ነው። ሲታሰር 38 ዓመቱ ነበር፤ ያኔ 77 ደርሷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። 39 ዓመት ግን ማደር አይባልም።

ብቻውን ደግሞ አይደለም። እኔ ሴኡል ከመድረሴ በፊት፣ በመስከረም 2025፣ ቾይ ማል-ጃ የምትባል ሴት ቡሳን ላይ ነፃ ተባለች። በ1964 የ18 ዓመት ልጅ ሆና ሊደፍራት የመጣውን ሰው ምላሱን ነክሳ በመቁረጧ ነበር የተፈረደባት። 61 ዓመት ፈጀ።

እራት ዳክጋልቢ በላን፤ በበርበሬ የተለወሰ ዶሮ ነው፤ መሐል ጠረጴዛው ላይ ባለ ትልቅ መጥበሻ ይሠራል። የኛን አገር ሰው አያሳፍርም፤ ያቃጥላል። ሌሊቱንና ታክሲውን ይቅር አልኩ።

የመመለሻው ባቡር ወንበር አልቆ ነበር፤ የቁም ቲኬት ቆረጥን። በር አጠገብ ተደግፈን ልጁ ከስልኩ ያነብልኛል። ጆንግ ነፃ ከተባለ በኋላ መንግሥትን ካሳ ከሰሰ። በ2013 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 2.6 ቢሊዮን ዎን ይከፈለው ብሎ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በዚህ መሐል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ክስ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም የመክሰሻ ገደቡ፣ ስድስት ወር ነው የሚል አዲስ ውሳኔ ሰጠ። የጆንግ ክስ ተቆጠረ። ዘግይቷል ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥት አይከፍልም አለ። ጆንግ በ2021 አረፈ።

«በስንት ቀን ነው የዘገየው?» አልኩት።

«በ10 ቀን።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገባችን የቆመች ሴት ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና አንብብልኝ አልኩት። ስልኩን ወደኔ አዙሮ ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ ከላይ ጀምሮ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አነበበልኝ።