የሰፋችውን ለብሳ

የመጽሔታችን ሽፋን በመጨረሻ አለቀ። የግሩፕ አሳይመንት ነው፤ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ሠርቶ፣ እያንዳንዱ ምርጫ ለምን እንደተመረጠ በሚዲያ ንድፈ ሐሳብ ማስረዳት። ለማርክ የሚቀርበው ጽሑፍ አጭር ነው። በውስጤ የቀረው ግን ብዙ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መጀመሪያ የተከራከርነው ፎቶው የት ይነሳ በሚለው ላይ ነበር። ጅማ ውስጥ "ቆንጆ ፎቶ" ሲባል ሁሉም አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ጅሬን ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። የእንጨት ሥራው ያምራል፣ ከኮረብታው ላይ ከተማዋ ቁልቁል ትታያለች። እኔ ግን አልፈለግሁም። ምክንያቴ ምስሎች የያዙትን ትርጉም የሚተነትነው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት ነበር።

ባርት በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ የመጽሔት ሽፋን ይጽፋል። ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ "ፓሪ ማች" የተባለውን መጽሔት ይሰጡታል። ሽፋኑ ላይ የፈረንሳይ መለዮ የለበሰ ጥቁር ልጅ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ዓይን የሚያየው ይህንኑ ነው። ሽፋኑ የሚናገረው ግን ሌላ ነው፤ ፈረንሳይ ታላቅ ናት፣ ልጆቿም ቀለም ሳይለያቸው በታማኝነት ያገለግሏታል ይላል። ያኔ ደግሞ አልጄሪያ ውስጥ ለነጻነት ጦርነት እየተካሄደ ነበር። ልጁ የራሱ ስም፣ የራሱ ቤት፣ የራሱ ታሪክ ይኖረዋል። ሽፋኑ ግን ያን ሁሉ ወስዶ የሌላ ሐሳብ ማስረጃ አደረገው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

እኛ ሽፋን ላይ የምትወጣው ጓደኛዬ እንደዚያ እንድትሆን አልፈለግሁም። ቤተ መንግሥቱ ከኋላዋ ከቆመ፣ እሷም ልብሱም "ጅማን ይጎብኙ" የሚል ፖስተር ይሆናሉ። ልብሱን ደግሞ ተውሳ አይደለም የለበሰችው። ሐሙስ ገበያ የገዛችውን ጥለት ያለው የሸማ ጨርቅ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ሰፍታ ጃኬት አድርጋዋለች። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ሂርማታ ወደሚገኘው የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ሄድን። ማሽኑ፣ የክር ጥቅሎቹ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ያላለቁ ቀሚሶች። ቦታው ጠባብ ነው፤ ፎቶ አንሺያችን በሩ ላይ ቆሞ ነው ያነሳው።

ፀጉሯን ስለሸፈነችበት ሻሽም ክርክር ተነስቶ ነበር። "የፋሽን መጽሔት ከሆነ ፀጉር ቢታይ አይሻልም?" ያለ ነበር። እሷ እንደምትለብሰው ለብሳ ካልወጣች፣ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሌላ ሰው ናት። ሻሿን ከጥለቱ ጋር የሚሄድ ቀለም ራሷ መርጣ አሠረች፤ ክርክሩም እዚያው አበቃ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከእጇ ነው። ካሜራው ሲደቀን ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ መቀሱን ነካ አደረገች። ማንም አላዘዛትም። ሁላችንም ስልካችን ላይ በየቀኑ የምናየው አቋም ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ኤርቪንግ ጎፍማን በ1979 በመጽሐፍ በወጣው ጥናቱ ስለዚህ ነገር ጽፏል። ብዙ የማስታወቂያ ፎቶዎችን ሰብስቦ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ወንዶቹ ዕቃውን ይጨብጣሉ፣ ይሠሩበታል። ሴቶቹ ይዳስሱታል፣ በጣት ጫፍ ይነኩታል። አንገት ማዘንበል፣ ከሰው አጠር ብሎ መታየት፣ ዓይንን ወደ ሌላ ቦታ መስደድ፣ ሁሉንም ዘርዝሯቸዋል። ነጠላው ፎቶ ምንም አይመስልም። ሲደረደሩ ነው ማን ሥራ እንዳለውና ማን ለመታየት ብቻ እንደቆመ የሚለየው።

ይህን ሁሉ ላስረዳት አፌን ስከፍት አክስቷ ቀደሙኝ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። "ልጄ፣ መቀሱን ጨብጪው እንጂ! ምን እንደ አበባ ትዳስሺዋለሽ?" አሏት። መጡና አውራ ጣቷን ቀለበቱ ውስጥ አስገቡት፤ ጨርቁን በሌላ እጇ ወጥራ እንድትይዝ አደረጓት። ወዲያው ትከሻዋ ተስተካከለ፣ አንገቷም ቀና አለ። ጎፍማን በብዙ ፎቶ ያሳየውን እትዬ በአንድ ቃል ጨረሱት። እሳቸው ስለ ፎቶ አላሰቡም፤ መቀስ እንዴት እንደሚያዝ ነው ያሳዩት።

ዓይኗ ግን ይበልጥ ከባድ ነበር። "ካሜራውን ቀጥ ብዬ ማየት ይከብደኛል፣ ድፍረት ይመስላል" አለችኝ። በጎፍማን መስፈርት ዓይንን መስበር ዝቅ ማለት ነው፤ በደፈናው እንዲህ ብዬ ብጽፍ ማርክ አላጣም ነበር። ግን እኛ ቤት እንደዚያ አይደለም። ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥብ ወንድ ልጅም ዓይኑን ይሰብራል። በታላቅ ፊት አንገት መድፋት የአስተዳደግ ነገር ነው እንጂ የሴት ብቻ ምልክት አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ የተነሳው ከአሜሪካ ማስታወቂያዎች ነው፤ እዚህ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ልጨምርበት ግድ አለኝ። ዓይኗ የሚሰበረው ለማን ነው? አክስቷ ቢሆኑ አክብሮት ነው። ካሜራው ግን ታላቋ አይደለም። የፊልም ንድፈ ሐሳብ ምሁሯ ላውራ ሙልቪ በ1975 ስለ ሆሊውድ ፊልም ስትጽፍ ካሜራው ሴቷን የሚያያት በወንድ ዓይን ነው ብላለች። እሷ የጻፈችው ስለ ፊልም ስለሆነ ለሽፋን ብዙ አልለጠጥኩትም።

መፍትሔው ከሥራዋ መጣ። እየቆረጠች ሳለ አንዲት ደንበኛ በሩ ላይ ደረሰች። ጓደኛዬ እጇ ሳይቆም ቀና ብላ አየች። ፎቶው ያ ነው። ድፍረትም የለበትም፣ መሽኮርመምም የለበትም። "ምን ልታዘዝ?" የሚል ዓይን ነው።

ስልኩ ግን ሊያበላሽብን ነበር። ፊት የሚያስውበው ማስተካከያ ሳንጠይቀው ቆዳዋን አነጣው፣ አለሰለሰው። አጥፍተን ደግመን አነሳን። ኮዳክ ድሮ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው "ሸርሊ ካርድ" ላይ ለብዙ ዘመን የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ትክክለኛ ቀለም ማለት የእሷ ቆዳ ማለት ነበር። ዕቃም ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ይህን በጽሑፌ ውስጥ ደምቆ እንዲወጣ አድርጌያለሁ።

ቀጥሎ የሽፋኑ ዋና ጽሑፍ። ባርት በ1964 ስለ አንድ የፓስታ ማስታወቂያ ሲጽፍ፣ ምስል ብዙ ትርጉም እንዳለው፣ ጽሑፉ ግን አንዱን መርጦ እንደሚያስረው ያሳያል። እኛም ሞከርነው። ከፎቶው ሥር "የጅማ ውበት" ብለን ጻፍን። እሷ ወዲያው ጌጥ ሆነች፤ እንደ ቡናው፣ እንደ ጫካው የሚጎበኝ ነገር። "የሰፋችውን ለብሳ" ብለን ቀየርነው። ያው ፎቶ ነው፣ ግን አሁን ዓይን ወደ እጇና ወደ መቀሱ ይሄዳል። ከግሩፑ አንዱ ሞዴሏን ሊያ ከበደን አነሳ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በግንቦት 2002 የፓሪሱ ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታለች። እኔን የበለጠ የሚያኮራኝ ግን በ2007 "ለምለም" የተባለውን የልብስ ድርጅት መሥርታ የኢትዮጵያ ሸማኔዎችን ሥራ ወደ ዓለም ገበያ ማውጣቷ ነው። የሚለብሰው ሲታይ የሠራውም ይታይ።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ የመጽሔቱ ስም እንዲጎላ በውፍረትና በቀለም ነው የሠራነው። ባርኮድም አስገብተናል፤ መጽሔቱ አይሸጥም፣ ግን ያለ ባርኮድ የመጽሔት ሽፋን አይመስልም።

የመጨረሻው ክፍል አንባቢ ነው። የባህልና የሚዲያ ምሁሩ ስቱዋርት ሆል በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ አንባቢ መልእክቱን እንዳለ ሊቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ሊያስተካክል፣ ወይም ሊቃወም ይችላል ይላል። ሽፋኑን አትሜ ለሰው አሳየሁ። የዶርም ጓደኛዬ እኛ እንዳሰብነው አነበበችው። እናቴ "ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ትንሽ ፈገግ ብትል ምን አለበት?" አለችኝ። ከሌላ ግሩፕ የሆነ ልጅ ደግሞ "ፋሽን ብላችሁ ለሀብታም ልትሸጡት ነው" ብሎ ሞገተን። ሦስቱም እንደ ሆል አባባል ተገኙ።

አክስቷ ግን ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ፊቷን አላዩም፣ ጽሑፉንም አላነበቡም። ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት በጣታቸው ተከተሉት። "እዚህ ጋ ክሩን አጥብቀሽዋል፤ ተስቧል" አሏት። ከዚያ ጃኬቱን አምጪው ብለው እዚያው ፈቱት።

ይህን ንባብ ከሦስቱ በየትኛው ሥር እንደማስቀምጠው ገና አልወሰንኩም። አልተቀበሉም፣ አልተቃወሙም። ሥራውን እንደ ሥራ ነው ያዩት፤ ሽፋኑ የጠየቀውም ይህንኑ ይመስለኛል። ለብቻው አራተኛ አንቀጽ ሰጥቼዋለሁ። ሰኞ ለመምህራችን አሳየዋለሁ፤ ይውጣ ቢለኝም እከራከርለታለሁ።