የጋሼ ሰዓት

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የዜና አፕ ኮድ በምጽፍበት ጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ተደጋገመብን። «አፑ ይከፈታል፣ ዜናው ግን የድሮ ነው።» ሎጉን፣ ማለትም የሰርቨሩን መዝገብ፣ አገላበጥን። ስልኮቹ በየሰዓቱ ይጠይቃሉ፣ ሰርቨሩም 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ባዶ ነው። አዲስ ዜና የለም ማለት ነው። እኛ ግን ጠዋት ብቻ ስምንት ዜና አውጥተናል።

ከደወሉት አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ስልካቸውን ሰጡኝ። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲነበብ ዜናውን ስልኩ ላይ ስለምናስቀምጥ፣ ገጹ ከነፎቶው ሙሉ ነው። ምንም የተበላሸ አይመስልም። አናቱ ላይ ያለው ግን ከቀናት በፊት ተሳስተን አውጥተን፣ በማግስቱ ያረምነው ዜና ነው። እርማቱ እሳቸው ጋ አልደረሰም። ውስጤ ተረበሸ።

ከዚያ ዓይኔ የስልኩ ሰዓት ላይ አረፈ። 3:20 ይላል። የእኔ 9:20።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ...»

«ምነው ልጄ? ሦስት ሰዓት ከሃያ አይደል እንዴ?»

ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ስልኩ ግን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ወስዶት 6 ሰዓት ወደፊት ሄዷል።

ጥፋቱ የኛ ኮድ ነው። አፑ ሲንክ ባደረገ፣ ማለትም ከሰርቨሩ አዲስ ዜና በጠየቀ ቁጥር የስልኩን ሰዓት ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው «ከዚህ ሰዓት ወዲህ የተለወጠውን ስጠኝ» ይላል። የጋሼ ስልክ 9:20 ላይ 15:20 ብሎ መዘገበ። 10:20 ላይ ሲጠይቅ ከ15:20 ወዲህ ያለውን ነው የሚፈልገው፤ ያ ደግሞ ገና አልመጣም። ቀጥሎ 16:20 ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ እያለ ዜናውን ሁሌ እየቀደመ ይሄዳል። 6 ሰዓት ወደኋላ የቀሩ ስልኮችም ነበሩ። እነሱ ያወረዱትን ደግመው እያወረዱ የሰው ዳታ ይበላሉ። ዜናው ስለሚደርሳቸው ግን ማንም አልደወለም።

ቢሮ ስመለስ አንድ ባልደረባዬ «ሰዓታቸውን አውቶማቲክ ያድርጉ እንበላቸው» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ሰው በገዛ አገሩ አቆጣጠር ሰዓቱን ሞላ ብለን ዜና ልንከለክለው አይገባም።

የስልኩን ሰዓት ጭራሽ ተውነው። አሁን ዜና ሲወጣም ሲታረምም ሰርቨሩ አዲስ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ስልኩ የደረሰውን የመጨረሻ ቁጥር ይይዝና ከዚያ በላይ ያለውን ይጠይቃል። ዜና ስንሰርዝም «ተሰርዟል» የሚል ምልክት በራሱ ቁጥር ይላካል፤ አለበለዚያ የሰረዝነው ዜና ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

አፕዴቱ ሲወጣ ተመልሼ አሞራ ገደል ወረድኩ። የእኔ ስልክ 10:05 ይላል፣ የጋሼ 4:05። እርማቱ ገብቷል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ደንበኛ እየጠበቃቸው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት።