ቤልቮይር ፍለጋ

እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር የገባሁ ሰሞን የከተማዋን ስም እንኳ መጥራት አልችልም ነበር። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለውን አንድም ፊደል ሳልዘል አነበብኩት፤ "ሌይሴስተር"። የአውቶቡሱ ሹፌር ሦስቴ አስደገመኝና "አሃ፣ ሌስተር!" ብሎ ሳቀ። የማይነበብ ከሆነ ታዲያ ለምን ይጻፋል? ለካ ያ የተዋጠው "ሴስተር" ከሮማውያን "ካስትራ" የወረደ ነው፣ የጦር ሰፈር ማለት ነው። የመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ዛሬም ከተማው ውስጥ ቆሟል።

ቆይቼ ዕቃ ማድረስ ጀመርኩ። ጉዱ ያኔ መጣ። አንድ ቀን መሃል ከተማ ቤልቮይር የሚባል መንገድ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ፣ መንገደኛ ብጠይቅ ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቃል፣ እኔ እኮ እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ነው የምጠይቀው! "ቢቨር" ነው የሚሉት። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ "ያማረ እይታ" ማለት። ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የገዙት ኖርማኖች ያመጡትን ቃል የእንግሊዝ አፍ እንደፈለገው አኝኮት ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ግሮቢ መንደር ሄድኩ። በር የከፈቱልኝ አሮጊት "ግሩቢ ነው፣ ሚ ዳክ" አሉኝ። ዳክዬ! ሰደቡኝ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። እዚህ አካባቢ ግን "የኔ ዓለም" እንደማለት ነው። "ቢ"ን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ኦድቢ፣ ብላቢ፣ ኤንደርቢ፣ የሁሉም ስም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከዴንማርክ መጥተው ከሰፈሩት ዴኖች የቀረ ነው፣ "ቢ" መንደር ማለት ነው። መሃል ከተማ "ጌት" እየተባሉ በር ስፈልግባቸው የኖርኩት ጎዳናዎችም በእነሱ ቋንቋ መንገድ ናቸው እንጂ በር አይደሉም።

እኔን ግን ያሳቀኝ ቤልግሬቭ ነው፣ ሕንዶቹ የወርቅና የሳሪ ሱቅ የደረደሩበት ሰፈር። በ1086 እ.ኤ.አ. በኖርማኑ ንጉሥ ዊልያም የቆጠራ መዝገብ የገባው "መርድግሬቭ" ተብሎ ነበር። በእንግሊዝኛው ምንም ነውር የለበትም። ለፈረንሳይኛ ጆሮ ግን "መርድ" ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዓይነ ምድር ነው። ኖርማኖቹ ተሸማቀቁና ፊቱን ቆርጠው "ቤል" ቀጠሉበት፣ ውብ ለማለት። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን ሳናፍር የምንጠራ እኛ ብናያቸው ምን እንል ነበር?

አሁን የሰፈሩን ስም ሁሉ እንደ አገሬው እጠራለሁ። ስልኬ ብቻ ነው እስከ ዛሬ "ቤልቮይር" እያለ የሚመራኝ።