መብራቱን ያጠፋው እጄ

ባለፈው ጥር በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በተጣለ የሠርግ ዳስ የቀኝ እጄን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀስ አድርጌ ባቀራረብሁ ቁጥር የመድረኩ መብራት አብሮኝ እየደበዘዘ ሲወርድ፣ ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ የደከምሁበት፣ ዲጄ ስሆን ሙዚቃንና መብራትን ሳልነካ በእጅ እንቅስቃሴ የማዝበት ፕሮግራም በመጨረሻ ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ጨለማው ድረስ ብቻ ነበር። መብራቱ ጨርሶ ሲጠፋ ጣቶቼን አራራቅሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ አራራቅሁ፤ አሁንም ምንም የለም። ሙሽሮቹ በጨለማ ቆመው፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ እኔ ከላፕቶፑ ጀርባ እንደሚጸልይ ሰው ሁለት እጄን ዘርግቼ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ ጠጋ ብሎ «አቦ፣ መብራት ሄዶ ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለኝ።

ምክንያቱ ሲታሰብ የሚያስቅ ነው። እጄን የሚከታተለው ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ተራ ካሜራ ነው፤ ተራ ካሜራ ደግሞ የሚያየው ብርሃን ሲኖር ብቻ ነው። እጄ መብራቱን ሲያጠፋ ካሜራው ታወረ፤ ካሜራው ሲታወር እጄ ለፕሮግራሙ እንደሌለ ተቆጠረ፤ እጄ ከሌለ ደግሞ መብራቱን መልሶ የሚያበራው አልነበረም። ቤት ውስጥ ስሞክር ይህ አንድ ቀን እንኳ አልገጠመኝም፤ የክፍሌ አምፖል ከፕሮግራሙ ጋር አልተያያዘማ። በኋላ እንዳስተዋልሁት ችግሩ የሚጀምረው ከሙሉ ጨለማ በፊት ነው። ብርሃን ሲቀንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለማንሣት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ በሴኮንድ የሚያነሣቸው ምስሎች ቁጥር ይወርዳል፣ የሚንቀሳቀስ እጅም ጭጋግ መስሎ ይታያል።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። ጎግል በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገውና በነጻ የሚገኘው ሚዲያፓይፕ የተባለ ፕሮግራም ከካሜራው ምስል ላይ ለአንድ እጅ 21 ነጥቦችን ያወጣል፤ የእጅ አንጓ ነጥብ 0፣ የአውራ ጣት ጫፍ ነጥብ 4፣ የሌባ ጣት ጫፍ ነጥብ 8 ነው። በ4 እና በ8 መካከል ያለውን ርቀት ለክቼ ወደ ቁጥር እለውጠዋለሁ፤ ሁለቱ ጣቶች ሲነካኩ ዜሮ፣ ሲራራቁ ሙሉ ይሆናል። መጀመሪያ ርቀቱን እንዳለ ስጠቀምበት እጄ ለካሜራው በቀረበ ቁጥር ቁጥሩም አብሮ ያድግ ስለነበር፣ ከእጅ አንጓ እስከ መሐል ጣት ሥር፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ባለው ርዝመት ማካፈል ጀመርሁ። እጅ ሲቀርብ ሁለቱም ርዝመቶች እኩል ስለሚያድጉ ውጤቱ ተረጋጋ።

ከዚያ ቁጥሩ ሁለት መንገድ ይሄዳል። ወደ ዲጄው ፕሮግራም የሚሄደው በሚዲ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ቋንቋ ለአንድ መቆጣጠሪያ ከ0 እስከ 127 ድረስ 128 እርከኖችን ይሰጣል። ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ደግሞ በዲኤምኤክስ 512 ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ይህ የመድረክ መብራቶች ማዘዣ ሥርዓት በአንድ ገመድ 512 ቻናሎችን፣ ማለትም የትእዛዝ መስመሮችን ይይዛል፣ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። እኔ ከስንፍና የተነሣ የሚዲውን ቁጥር በሁለት ስለማባዛው መብራቶቼ 254 ላይ ይቆማሉ፤ ያቺን አንዲት እርከን ልብ ያለ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁሉም ልብ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ላይ ትንሿን ለውጥ አጥርቶ ስለሚያይ፣ ጣቶቼ ጥቂት እንደተራራቁ መብራቱ ዘሎ የወጣ ይመስላል፣ ከግማሽ በኋላ ደግሞ እምብዛም የሚጨምር አይመስልም። ቁጥሩን በ0 እና በ1 መካከል አድርጌ በራሱ ሳባዛው ብርሃኑ እንደ ንጋት ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ።

ሳይነኩ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። ሩሲያዊው ሊዮን ቴርሚን በ1920 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራው የሙዚቃ መሣሪያ ሁለት አንቴናዎች አሉት፤ ተጫዋቹ አንዱን እጁን ወደ ቀጥታው አንቴና ሲያቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሌላውን ወደ ክቡ ሲያቀርብ ድምፁ ይቀንሳል። እዚያ የተጫዋቹ ገላ ራሱ የኤሌክትሪክ ዑደቱ አካል ስለሆነ ብርሃን ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ ያን ሌሊት በጨለማው ዳስ ውስጥ የቀናሁት በእርሱ ነበር። እንደ ሊፕ ሞሽን ያሉ፣ በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ራሳቸው እየረጩ እጅን የሚከታተሉ መሣሪያዎችም ጨለማ አያግዳቸውም፤ የሚያውካቸው ብርቱ ፀሐይ ነው፣ የድሬን ፀሐይ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በየቪዲዮው ሙሉውን ሙዚቃ በአየር ላይ እጁን እያወዛወዘ የሚያጫውት ዲጄ ሳይ ብዙም አላምነውም። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ጊዜ 500 ሚሊሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሣ ካሜራ የሚያየው በየ33 ሚሊሴኮንዱ አንዴ ነው፤ ነጥቦቹን ማውጣትና የእጅን መንቀጥቀጥ ለማለስለስ የጥቂት ምስሎችን አማካይ መውሰድ ሲጨመርበት መዘግየቱ በቀላሉ 100 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል። ይህ የምቱ አንድ አምስተኛ ነው፤ በጭብጨባ ያደገ ጆሮ ደግሞ ይህን አይምርም። ስለዚህ ዘፈን ማስጀመርንና ምት ማጋጠምን ለጣትና ለቁልፍ ትቼ፣ ለአየሩ የሰጠሁት ቀስ ብለው የሚለወጡትን ብቻ ነው፤ ፊልተርን (ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ መቀነሻውን)፣ ኤኮን (የገደል ማሚቶውን)፣ የመብራትን ድምቀት።

ሌላው ጣጣ እጃችን ሥራ ፈትቶ አለማወቁ ነው። ድሬ ላይ ሰላምታው በእጅ፣ ቀልዱ በእጅ፣ «ቆይ መጣሁ» ማለቱም በእጅ ነው። በዚያው ሠርግ የእናቴ ጎረቤት ከበሩ ሲገቡ እጄን አንሥቼ እጅ ብነሣቸው ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ድርግም አለ፤ እርሳቸውም መጥተው «ምነው ልጄ፣ እኔ ስገባ ዘፈኑ የሳሳው?» ብለው አሳፈሩኝ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጄ ካልተጨበጠ ፕሮግራሙ ቀኝ እጄን እንዳይሰማው አድርጌአለሁ። እስክስታ የሚመታውና ከጠረጴዛዬ ፊት የሚያጨበጭበው ሰው እጅ እንዳይቆጠርብኝም ካሜራውን ፊት ለፊት ማቆሙን ትቼ ከላይ ወደ ታች ሰቀልሁት፤ አሁን የሚያየው ጠረጴዛውንና የእኔን ሁለት እጆች ብቻ ነው።

የጨለማውን ነገር የፈታሁት በጣም በርካሽ ነው። ከመድረኩ መብራቶች ጋር ፈጽሞ ያልተያያዘች፣ ወደ እጆቼ ብቻ የምታበራ አንዲት የጥናት መብራት ከካሜራው ጎን አሰርሁ፤ ዳሱ ድቅድቅ ቢል እንኳ ካሜራው ያየኛል፣ ሙሽሮቹም በጨለማ አይቀሩም። መብራቷ የእህቴ ናት። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነች የምታውሰኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ማታ ሳላመሽ እንድመልስላትም አስምላኛለች።