ፋይል ሆኖ የተቀመጠ ዲስክ፦ በቨርቹዋል ዲስክ ልምምድ እስካሁን የደረስኩበት

ትርፍ ሃርድ ዲስክ የለኝም ብላችሁ ዲስክን ወደ ፓርቲሽን (ራሳቸውን ወደቻሉ ክፍሎች) መከፋፈል ሳትለማመዱ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ አንድን ተራ ፋይል እንደ ዲስክ መፍጠርና መሰካት ይችላል፤ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም የለም። መከፋፈሉንም፣ ፎርማት ማድረጉንም፣ ማስፋቱንም የምለማመደው በዚሁ ነው። ሲበላሽ ፋይሉን ነቅሎ ማጥፋት፣ ከዚያ ሌላ መፍጠር ነው።

አፈጣጠሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። ዲስክ ማኔጅመንትን (የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ መስኮት) ከፍታችሁ «አክሽን» ከሚለው ሜኑ «ክሪኤት ቪኤችዲ»ን ትመርጣላችሁ (ቪኤችዲ ማለት የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ነው)፤ ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ መጠኑንና ዓይነቱን ትሞላላችሁ። አዲሱ ዲስክ ከታች በኩል ገና ያልተዘጋጀ ሆኖ ብቅ ይላል። ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ «ኢኒሺያላይዝ» ብላችሁ ጂፒቲ የሚባለውን የክፍፍል ሰንጠረዥ ትመርጣላችሁ፤ ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ቮልዩም (ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል) ፈጥራችሁ በዊንዶውስ ፋይል ሲስተም፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ፎርማት ታደርጋላችሁ። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ድራይቭ የራሱ ፊደል ይኖረዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የቨርቹዋል ዲስክ ምልክት ቀለሙ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ማንኛውንም ነገር ከመሰረዛችሁ በፊት ይህን ቀለም እዩ፤ እውነተኛው ዲስካችሁም እዚያው መስኮት ላይ ተደርድሯል።

ከሁለቱ የፋይል ዓይነቶች እኔ የምመርጠው ቪኤችዲኤክስን ነው። አሮጌው ቪኤችዲ ከ2 ቴራባይት ጥቂት ዝቅ ብሎ ያበቃል፤ ቪኤችዲኤክስ እስከ 64 ቴራባይት ይሄዳል። ለቤት ኮምፒውተር ያ ሁሉ መጠን ምንም ላይፈይድ ይችላል። ቁምነገሩ ሌላ ነው፦ ቪኤችዲኤክስ በራሱ መዋቅር ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ስለሚመዘግብ ኃይል በድንገት ቢቋረጥ ፋይሉ የመበላሸት ዕድሉ ያነሰ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና ይበልጥ የወደድኩት ክፍል እንደ አስፈላጊነቱ የሚያድገው ዲስክ ነው። 50 ጊጋባይት ብዬ ፈጠርኩት፤ ፋይሉን ሳየው ግን የያዘው ቦታ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። 12 ጊጋባይት ያህል ቪዲዮ ገለበጥኩበት፤ ፋይሉም በዚያው ልክ አበጠ። ቪዲዮዎቹን ሰርዤ ሪሳይክል ቢኑንም አጸዳሁ። ድራይቩ ባዶ ነኝ ይላል፤ ፋይሉ ግን እንዳበጠ ቀረ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰርዝ ስንል ፋይል ሲስተሙ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ይመዘግባል እንጂ የያዘውን ቦታ በራሱ ለውጭው ዲስክ አይመልስም። ለማሳነስ ዲስክፓርትን (በትእዛዝ የሚሠራውን የዊንዶውስ የዲስክ መሣሪያ) በአድሚን ከፍቶ ፋይሉን በ«ሴሌክት ቪዲስክ» መምረጥ፣ ለንባብ ብቻ መሰካት፣ «ኮምፓክት ቪዲስክ» ማለት፣ ከዚያ መንቀል ነው። ለንባብ ብቻ የሚሰካው፣ ዲስክፓርት የትኛው ቦታ ነፃ እንደሆነ እያየ ማንም እንዳይጽፍበት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ሌላው ጠባይ ከኪሱ በላይ ቃል መግባቱ ነው። ውጭ ያለው እውነተኛ ዲስክ 20 ጊጋባይት ብቻ ቀርቶት እያለ፣ ውስጥ ያለው «50 አለኝ» ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። የውጭው ሲሞላ መጻፉ መሐል ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ለቁም ነገር ከሆነ መጠኑ ከመጀመሪያው የተወሰነውን ብትመርጡ ይሻላል፤ ሲፈጠር ጊዜ ቢወስድም ቦታውን አስቀድሞ ይይዛል። ደግሞም ፋይሉ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ የሰነድ መጠባበቂያ ቅጂ ነው ብላችሁ አትመኩበት።

ማስፋትም ሁለት እርምጃ አለው። የዲስክፓርቱ «ኤክስፓንድ ቪዲስክ» ትእዛዝ ዲስኩን ብቻ ያሰፋል፤ ይህም ከተነቀለ በኋላ የሚደረግ ነው። እንደገና ስትሰኩት የተጨመረው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ቮልዩሙን «ኤክስቴንድ» ካላላችሁት ድራይቩ በድሮው መጠን ይቀጥላል።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች፦ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ይነቀላል፤ ፋይሉን ደብል ክሊክ ማድረግ ይመልሰዋል። እንደተሰካ ፋይሉን ማጥፋት አይቻልም፣ መጀመሪያ «ኢጀክት» በሉት። ኮምፕረስ በተደረገ ፎልደር ውስጥ ደግሞ አታስቀምጡት፣ አይሰካም።

ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በደብሊውኤስኤል 2 የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ሳታውቁት የዚህ ነገር ባለቤት ናችሁ። የሊኑክሱ ፋይሎች በሙሉ የተቀመጡት አንድ ቪኤችዲኤክስ ውስጥ ነው፤ እሱም እንዲሁ ያብጣል፣ ሊኑክሱን አጥፍታችሁ በዚያው በኮምፓክት ይሟሽሻል።

አሁን የያዝኩት ልጅ ዲስክ የሚባለውን ነው። ወላጁ ዲስክ ሳይነካ ይቀመጥና አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ልጁ ፋይል ይገባል፤ ሙከራው ካልጣማችሁ ልጁን አጥፍቶ ከወላጁ ሌላ መፍጠር ነው። ወላጁ ላይ ለውጥ ከተደረገ ግን ልጁ ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን፣ ወላጁን «ሪድ ኦንሊ» አድርጌ ነው የምለማመደው። በዚህ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ የልጁን ለውጥ ወደ ወላጁ መልሶ ማዋሃዱን እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉልኝ፤ ቀጥዬ የምሞክረው እሱን ነው።