መብራት ጠፍቶ የጀመርነው ክርክር

የእንጨት ሥራ ቤታችን ወለቴ ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና ስትሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ የሚያስቀርበት ሰፈር። ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ቀን ትፈላለች፣ ማታ ትበርዳለች። አራት ነን፦ እኔ፣ ሸሪኬ (በቁመቱ ምክንያት ሁላችንም ረዥሙ ነው የምንለው)፣ አንድ ረዳት ልጅ፣ እና ጋሼ። ጋሼ ተቀጣሪ ይሁኑ አለቃ እስካሁን አለየለትም። ደመወዙን የምንከፍለው እኛ ነን፣ የሚቆጡን ግን እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ስድስት የዋንዛ ጣውላ በአይሱዙ ጭነው መጡ። ከአባታቸው ቤት የወጣ የድሮ መደርደሪያ ነው። ቀለም የተቀባ፣ ጥላሸት የጠጣ፣ ግን ጠረኑ ገና ያልጠፋ ዋንዛ። "የምግብ ጠረጴዛ አድርጉልኝ፣ የልጄ ሰርግ ሳይደርስ" አሉ። ቅዳሜ ሊወስዱት ተስማማን። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ቀለሙን መፋቅ፣ ጣውላዎቹን ከ32 ሚሊ ወደ 25 ሚሊ ማውረድ፣ ጎናቸውን አቃንቶ በኮላ ማጋጠም። ለማውረዱ ውፍረት ማውጫ ማሽን አለን፣ ጋሼ "ፒያላው" የሚሉት። ለማታውቁት፣ ጣውላውን በአንድ በኩል ታጎርሱታላችሁ፣ ሮለሮቹ እየሳቡ ያስገቡታል፣ መሀል ላይ ቢላ የታሰረበት ሲሊንደር እየተሽከረከረ ከላይ ይልገዋል፣ በሌላው በኩል ወጥ ውፍረት ይዞ ይወጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ሚሊ ቢላግ ይበቃዋል። የሚስገበገብ ሰው ሦስት ሚሊ ያጎርሰውና ሞተሩን ያስለቅሰዋል።

የማሽናችንን ስም አልጠራም። ቀጥሎ የምነግራችሁ ጥፋት የራሴ ስለሆነ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ጣውላ አስገብቼ እንዳወጣሁ መብራት ጠፋ። ረዳታችን ቡና ሊያመጣ ሄደ። እኛ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥን። ረዥሙ ስልኩን አውጥቶ ትንሽ ከጎረጎረ በኋላ፣ ሰው እንደሞተ በሚነገርበት ድምፅ፣ "ድርጅቱ ሊሸጥ ነው አሉ" አለ።

"የቱ ድርጅት?"

"የኛ ማሽን ድርጅት ነዋ! ዛሬ ነገ ሳንል ማሽኑን እንሽጠው። ወሬው መርካቶ ከደረሰ በኋላ ማን ይገዛናል? መለዋወጫ የሌለው ማሽን ብረት ነው፣ በኪሎ ነው የሚሄደው።"

እኔ ደግሞ ክርክር ሲገኝ አላሳልፍም። ድርጅት ተሸጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም አልኩት። የእንጨት ማሽን የሚሠራውን ዴልታን አንሥቼ ጀመርኩ። በፈረንጆቹ 1919 ሚልዋኪ ከተማ የተጀመረ ነው፤ በ1945 ሮክዌል ገዛው፣ በ2004 ብላክ ኤንድ ዴከር እጅ ገባ፣ በ2011 ደግሞ የታይዋኑ ቻንግ ታይፕ ወሰደው። ስሙ ግን ዛሬም ማሽን ላይ ተለጥፎ ይሸጣል። ሂታቺንም ጨመርኩለት። የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራውን ክፍል በ2017 ኬኬአር የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ገዛው፣ በ2018 ስሙ ሃይኮኪ ተባለ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሜታቦ ኤችፒቲ ሆነ። ስሙ ተቀየረ እንጂ መሣሪያው መመረቱን አላቆመም።

ረዥሙ ግን ልቡ የሸፈተው ሌላ ጋ ነው። የአክስቱ ልጅ አሜሪካ አለ፣ ዲዋልት 735 የሚባል ውፍረት ማውጫ ያስመጣል። 13 ኢንች ስፋት፣ ሦስት ቢላ፣ በደቂቃ 10,000 ዙር። "ይሄ የማይሞት ድርጅት ነው" አለ። እኔም ዲዋልትም እኮ ተሸጦ ተሸጦ ነው እዚህ የደረሰው አልኩት፤ በ1924 ተመሥርቶ በ1960 ብላክ ኤንድ ዴከር ገዛው፣ በ2010 እሱም ከስታንሊ ጋር ተዋሐደ። ታዲያ የዲዋልት ሲሆን ዕድገት፣ የኛ ሲሆን ሞት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። "ስንት ኪሎ ነው?" አሉ።

"42።"

"ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ልጁ በጀርባው አዝሎት ይመጣል?"

ሳቅን። እኔም የመብራቱን ነገር ጨመርኩ። የአሜሪካው ማሽን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ 15 አምፔር ይስባል፣ ወደ 1,800 ዋት። እኛ ጋ 220 ነው። ሲነሣ ከዚያም በላይ ስለሚስብ ቢያንስ ሦስት ኪሎ ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር መግዛት አለብን። በዚያ ላይ የወለቴ መብራት አንዳንድ ቀን ማታ ማታ አምፖሉን ቀይ ክር ነው የሚያደርገው።

ረዥሙ አልተበገረም። ያኔ ጋሼ ስኒያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። "ቢላው ይሳላል ወይስ ይጣላል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ዓይነት ቢላ ወፍራም ነው፣ ሲደንዝ ትስለዋለህ፣ በብሎን ታስረዋለህ፣ ከፍታውን ራስህ ታስተካክላለህ። ጊዜ ይበላል፣ ያናድዳል። አዲሶቹ ትንንሽ ማሽኖች ላይ ያለው ቢላ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጭንና በሁለት ጎኑ የሚሠራ ነው። አንዱ ሲደንዝ ትገለብጠዋለህ፣ ሁለተኛው ሲደንዝ ትጥለዋለህ። ቀዳዳውና መያዣው ልክ ልክ ስለሆነ ራሱ ቦታውን ይይዛል፣ መለካት የለም። ቶሎ ያልቃል፣ ደስ ይላል። ችግሩ በየጊዜው አዲስ መግዛት ግድ ነው፣ ያንኑ ቀዳዳ፣ ያንኑ ልክ። "ለእንደዚህ ዓይነቱ" አሉ ጋሼ፣ "የድርጅቱ ዕድሜ ያሳስብሃል። ለኔ ፒያላ ግን ድርጅቱ ቢሸጥም ባይሸጥም መሳያ ድንጋይ እስካለ ድረስ ምኔ ነው?"

ረዥሙ የሚጣለውንም የሚስሉ ሰዎች አሉ አለ። እውነቱን ነው፣ አሉ። ግን ያ ቢላ ለመሳል ታስቦ ስላልተሠራ በትንሹ ነው የሚያተርፈው። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። በቀን ስምንት ሰዓት ማሽን ላይ ለሚቆም ሰው ቶሎ የሚቀየር ቢላ ቀልድ አይደለም።

ክርክሩ በዚህ ሊቀጥል ሲል ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ ጮኸ።

መብራት መጣ ማለት ነው። ማብሪያውን ሳላጠፋ ነበር የተቀመጥኩት። ረዥሙ ክርኑን የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አድርጎ ስለነበር ዘሎ ረዳታችን ላይ ወደቀ፣ ቡናውም አብሮ ሄደ። ጋሼ አዩኝ። ምንም አላሉም፣ ማየታቸው ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ከሃፍረት ነው። ያጠፋሁትን ጊዜ ለመመለስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለመምሰል፣ ሦስተኛውን ጣውላ አንሥቼ በቀጥታ አጎረስኩት። እኛ ቤት አሮጌ እንጨት ሲመጣ ሕግ አለ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት በሲባጎ ታስራ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፣ ጣውላውን በሁለቱም ገጽ ቀስ ብለህ በሷ ትዳብሰዋለህ። ሚስማር ካለ ክሩ ይወጠራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣውላዎች እንዲያ አድርጌ አምስት ሚስማር አውጥቻለሁ። ሦስተኛውን አላየሁትም።

ጧ! አለ። ብልጭታ ወጣ። ከዚያ የማሽኑ ፉጨት ተቀየረ፣ ሲተነፍስ ደረቱ እንደሚያፏጭ ሰው። ጣውላው ግን ዝም ብሎ ተሳበና በሌላው በኩል ወጣ፣ ከሚስማሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሁለት ሚሊ የምትሰፋ፣ ወጣ ያለች ክር የመሰለች መስመር ይዞ። ጣቴን ሳስኬድባት ሆዴ ቁርጥ አለ። ሚስማሩ ራስ አልነበረውም፣ ተሰብሮ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ሁለቱም ቢላ እዚያው ቦታ ላይ ተሸርፏል። ከአሁን በኋላ የሚገባው ጣውላ ሁሉ ያችን መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ሰርገኛ ይመጣል።

ረዥሙ ቶሎ ብሎ "እንዳልኳችሁ!" አለ። ምን እንዳለን ግን እሱም አያውቅም፣ ሚስማሩን ድርጅቱ አልመታውም።

ጋሼ ተነሡ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉና ጫፉን ረዳታችን እጅ ላይ አስቀመጡ፤ "እኔ ሳልጠይቅህ እንዳትለቀው" አሉት። ልጁም እንደ ሻማ ይዞ ቆመ። ሽፋኑን ፈቱ፣ ሰጋቱራውን በአሮጌ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ጠረጉ። የአንዱን ቢላ ብሎኖች አላሉ። ከዚያ ቢላውን ወደ ግራ ገፋ አደረጉት፣ አራት ሚሊ ያህል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሁለቱ ሽራፊ ቦታ ተለያየ፤ አንዱ የተወውን ሌላው ይላገዋል። ከሲሊንደሩ ምን ያህል እንደወጣ በቁራጭ እንጨት እየለኩ፣ ጫፍና ጫፉን ሦስቴ እያዩ አሠሩት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቀዳዳ ያለው ዓይነት ቢላ ቢሆን የሚላወሰው በጣም ትንሽ ነው፣ ይሄን ያህል ሽራፊ አይሸፍንም ነበር። ረዥሙ ይሄን አይቷል፣ ግን አላነሣውም። እኔም ለምን አነሣለሁ፣ አፌን ከፍቼ ማውራት የምችልበት ቀን አልነበረም።

ጣውላው እንደገና ሲወጣ ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። መስመሯ የለችም። "ቀጥል" አሉ። "በማግኔት።"

ዓርብ ረዥሙ ቢላ ሊገዛ መርካቶ ወረደ። ጋሼ በፊት የተቀየረ አሮጌ ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። የመጀመሪያው ሱቅ "ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ይሄ ከእንግዲህ አይመጣም፣ አዲስ ማሽን ውሰድ" አለው። ረዥሙ ደስ ብሎት ደወለልን፣ ያሸነፈ መስሎት። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው "የማሽኑን ስም ነግረህ ነው አይደል የጠየቅኸው? ስሙን ተወውና ቢላውን አሳይ፣ በካሊፐር ይለኩት" አሉት። ሁለት ሱቅ አልፎ በርዝመትም በስፋትም በውፍረትም ልክ የሆነ፣ የማንም ስም ያልተጻፈበት ቢላ አገኘ። ሁለት ጥንድ ይዞ መጣ።

ጠረጴዛው ቅዳሜ ከሰዓት ሄደ። እናትየው በእጃቸው ዳበሱና ጥቁር ነጥቧን አገኟት፣ ሚስማሩ የነበረባትን። ልንደፍናት ነበር፣ "ተዋት፣ የአባቴ ሚስማር ናት" አሉን።

ረዥሙ አሁንም አሜሪካ ይደውላል። እኔ ማግኔቷን ከግድግዳው አውርጄ በሲባጎዋ የማሽኑ ማብሪያ ላይ አንጠልጥያታለሁ፤ ማብራት የፈለገ መጀመሪያ እሷን ማንሣት አለበት። እየተወዛወዘች ጣቱን ትመታዋለች፣ "ይቺን ነገር አንድ ቀን ነው የምጥላት" እያለ ያማርራል። ያማርር።