አይብ የሆነው ቀለም

ፎቶው የደረሰን ረቡዕ ጠዋት ነው። ነጭ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ማንኪያው ላይ ቢጫ ነገር። ቀለም መሆኑን ያወቅሁት ከጎኑ የቆመውን ጠርሙስ አይቼ ነው እንጂ፣ አይብ ላይ እርድ የነሰነሱበት ነበር የሚመስለው። ጓጉሏል። ዙሪያውን ደግሞ አጓት የመሰለ ውሃ ተንጣሏል። መምህሯ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «24ቱም እንደዚህ ናቸው። ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳ ላይ ሥዕል ሊጀምሩ ነው። ምን ላድርግ?»

ያንን ካርቶን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ያውም እየኮራሁ።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ አጠገብ፣ የእጅ ሥራ ዕቃ በፖስታ የሚልክ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ክር፣ ሱፍ፣ ሰም፣ ኮላ፣ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ዶቃ እንልካለን። ከደንበኛ ጋር መነጋገሩን ሌሎች ይሠሩታል፤ እኛ ከኋላ መጋዘን ውስጥ ሆነን እናሽጋለን። አራት ነን። አንዱ የጎንደር ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ፈረንጆቹም ስማቸው መስሏቸው ጋሼ ይሏቸዋል፤ አርሜ አላውቅም። ሚኒሶታ ከገቡ 20 ዓመት አልፏቸዋል። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ዓመት ያሳለፉት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሲጭኑና ሲያራግፉ ነው።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። አለቃችን አንድ ቀን ሰበሰበችንና «ከዛሬ ጀምሮ ፕላስቲክ በቃን» አለች። ሚኒያፖሊስ ራሷ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ ምግብ በፎም (አረፋ መሰል ቀላል ፕላስቲክ) ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ደንበኞቻችንም ካርቶን በከፈቱ ቁጥር ስለሚፈሰው ፎም ያማርሩ ነበር። ስለዚህ ፎሙ ወጣ። ያ ልጆች በጣታቸው ጧ እያደረጉ የሚያፈነዱት ፕላስቲክ ወጣ። የፕላስቲክ ፕላስተሩም ወጣ።

በምትካቸው ሦስት ነገር ገባ። አንዱ ሲጎትቱት እየተከፈተ የማር እንጀራ የሚመስል ወረቀት ነው። ሁለተኛው ከበቆሎ ስታርች የተሠራ፣ ክፍተት የሚሞላ ነገር ነው። መጀመሪያ ሳየው ፈንዲሻ መስሎኛል። ሽታውም ይቀራረባል። ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ይጠፋል። (አንዷ አይጥም ፈንዲሻ መስሏት ኖሮ አንድ ከረጢት ሙሉ በልታብናለች። ከዚያ በኋላ ክዳን ባለው በርሜል ነው የምናስቀምጠው።) ሦስተኛው የወረቀት ፕላስተር ነው። በውሃ አርሰው ሲለጥፉት ሙጫው ካርቶኑ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ከካርቶኑ ጋር አንድ አካል ይሆናል። እሱን ወድጄዋለሁ። የድሮው ርካሽ የፕላስቲክ ፕላስተር ብርድ ሲይዘው መጣበቁን ትቶ ጠርዝ ጠርዙን ይነሳ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለውጡ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ድፎ ዳቦ የምትጋግረው በኮባ ጠቅልላ ነው። ቅቤም ከገበያ የሚመጣልን በቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። ማሸጊያው ጓሮ ይጣላል፣ ክረምቱ ሳይወጣ አፈር ይሆናል። እዚህ አገር መጥቼ ለአንድ ኩባያ አንድ ከረጢት ፎም ስደፋ ውስጤን ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ አዲሱን አስተሻሸግ ከሁሉም በፊት የተማርኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹንም አስተማርኩ። ጋሼን ሳይቀር።

ከዚያ ዊንተር ገባ። ክረምት አልልም፤ ለኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። ይሄኛው ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ብርድ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚያወሩት የ2019ን ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30 ቀን ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ሴንቲግሬድ ወርዳ ነበር፤ የአሜሪካ ፖስታ እንኳ በሚኒሶታ የዚያን ቀን ደብዳቤ ማደል አቁሟል። «ፖስታ ከቀረ ብርድ ነው፤ ካልቀረ ነፋስ ነው» ይላሉ።

ትዕዛዙ የመጣው በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ዱሉዝ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት፣ 24 ግማሽ ሊትር አክሪሊክ ቀለምና ጥቂት የክር ጥቅል። ከኛ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው። የአንድ ቀን መንገድ። ውጭው ከዜሮ በታች 24 ነበር።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠቀለልኩ። እንዳይጋጩ ብዬ አራርቄ ደረደርኳቸው፤ በመሀላቸው የበቆሎውን ፈንዲሻ ሞላሁ። ክሩን ቦታ እንዳይፈጅ በሌላ ትንሽ ካርቶን አደረግሁት። ከዚያ ማሞቂያ ጨመርኩ። ይቺ ሲከፍቷት ራሷ የምትሞቅ ከረጢት ናት፤ ተክልና ዓሣ የሚልኩ ሰዎች ይጠቀሙባታል። በላይዋ ላይ 40 ሰዓት ትሠራለች ይላል። ቀለሙን እንዳትነካ በሰም ወረቀት ደህና አድርጌ ጠቀለልኳት። በመጨረሻ ብርድ እንዳይገባ የካርቶኑን ስፌት ሁሉ፣ ጥግ ሳይቀር፣ በወረቀት ፕላስተር ደፈንኩት።

ጋሼ በአጠገቤ ሲያልፉ ካርቶኑን አዩትና «ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ» አሉ።

«አዎ፣ ነገ ደግሞ አርብ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ። ወሬ መስሎኝ። ዝም ብለው አለፉ።

ካርቶኑ ዱሉዝ የደረሰው አርብ ማታ ነው። ማደያ መኪናዎቹ ከገቡ በኋላ። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰኞ ደግሞ የጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነበር። የተሰጣቸው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ቀለሙ ሞቆ የወጣው ለአንድ ቀን ስንቅ ይዞ ነበር፤ የሄደው ግን የአምስት ቀን መንገድ ነው።

መምህሯ ሌሎች ፎቶዎችም ልካ ነበር። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ሞልተው የነበሩት ሁለቱ ጠርሙሶች ክዳናቸውን ገፍተው ጥለውታል። በረዶው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲቀልጥ የፈሰሰው ውሃ ፈንዲሻዬን አሟሟው። ፈንዲሻው ሙጫ ሆነ። ጠርሙሶቹ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቀው በቢላ ነው የተላቀቁት። ያን ያየሁ ጊዜ ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ መሄድ አማረኝ።

ቀለሙ ለምን አይብ ሆነ? አክሪሊክ ማለት ውሃ ውስጥ የተበተነ በጣም ደቃቅ የፕላስቲክ ጠብታና የቀለም ዱቄት ነው። ጠብታዎቹ ሳይነካኩ እየተንሳፈፉ ይኖራሉ። ውሃው በረዶ ሲሆን ግን ለብቻው ይሰበሰብና እነሱን አንድ ጥግ ያጨናንቃቸዋል። ይጣበቃሉ። በረዶው ቢቀልጥም አይላቀቁም። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለየው ማለት ነው፤ እዚህ ግን ሥራውን የሠራው ብርድ ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ግላይኮል የሚባል፣ ቶሎ በረዶ እንዳይሆን የሚረዳ ፈሳሽ ይጨምርበትና ጥቂት ጊዜ በርዶ ቢቀልጥም ይችላል። የኛው የልጆች ቀለም አልቻለም።

አለቃችን ፎቶውን አይታ ብዙ አልተናገረችም። «ወረቀት ለበጋ ነው። ፎሙን እንመልስ» ብቻ አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ምን እላለሁ?

ጋሼ ናቸው መልስ የሰጡት። ያ ረጋ ባለ እንግሊዝኛቸው «ፎም እሳት አለው እንዴ?» አሉ።

ቀጥለው ያሉትን በአማርኛ ለኔ ደገሙልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጋቢ ይሞቃል ስትዪ ጋቢው አይደለም የሚሞቀው። አንቺ ነሽ። ሬሳ ላይ ጋቢ ብትደርቢበት አይሞቅም።»

ምሳሌው ደስ አይልም። ግን ገባኝ።

በማግስቱ አለቃችንን አስፈቅደን መኪና ማቆሚያው ላይ ሦስት ካርቶን አወጣን። አንዱ ከቀለሙ በቀር ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ካርቶን፣ አንዱ በማር እንጀራው ወረቀት አራት ድርብ የተጠቀለለ፣ አንዱ መጋዘን ጥግ ተርፎ የተገኘ የፎም ሣጥን። በየአንዳንዱ ውስጥ 12 ጠርሙስ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። መሀል ላይ ሽቦ ያለው የሥጋ መጥበሻ ቴርሞሜትር ሰካን። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ነው፤ በነሱ ፋራናይት ከዜሮ በታች 4። (እስካሁን በሁለቱ መሀል እየቆጠርኩ ነው የምኖረው። ጋሼ «ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ እዚያ ስትደርሺ አትቸገሪም» ይሉኛል።)

ባዶው ካርቶን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ዜሮ ገባ። ወረቀቱ ከአራት ሰዓት በላይ ቆየ። ፎሙ አምስት ሰዓት ተኩል። አለቃችን መስኮት ሥር ቆማ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች። ፎም ይሻላል፤ አልዋሽም። ግን የሚሻለው በአንድ ሰዓት ከምናምን ነው። አምስት ቀን ብርድ ላይ ለሚያድር ካርቶን የአንድ ሰዓት ብልጫ ምን ያደርግለታል? ፎምም ቢሆን ቀለሙ አይብ ይሆን ነበር።

አራተኛ ካርቶን ደግሞ በኔ አስተሻሸግ አሸግን። ጠርሙሶቹ ተራርቀው። ይሄ ነው ያሳፈረኝ። ጥግ ላይ ያለው ጠርሙስ መሀል ካለው በጣም ቀድሞ በረደ። አንድ እፍኝ ሊጥና አንድ ቡኮ ሊጥ እኩል አይበርዱም፤ ይሄን እናቴ ወጥ ቤት ተምሬዋለሁ። መጋዘን ስገባ ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሶቹን እጅብ አድርገን መሀል እናስቀምጣለን። ክር ወይም ሱፍ አብሮ ከታዘዘ ለብቻው አይታሸግም፤ በዙሪያቸው ይገባል። ለካ ምርጡን ማሸጊያ ራሱን ስንሸጠው ነበር የኖርነው።

የቀረችው ማሞቂያዋ ናት። ሁለት ከፈትን። አንዷን ጠረጴዛ ላይ ተውናት፣ ሌላዋን በሰም ወረቀት እንደዚያን ቀን ጠቀለልኳት። ምሳ በልተን ስንመለስ ክፍቷ ትፋጃለች። የተጠቀለለችው ቀዝቅዛ ድንጋይ ሆናለች። ከረጢቷ ውስጥ ያለው የብረት ዱቄት፣ ጨውና ከሰል ነው። የምትሞቀው ብረቱ ሲዝግ ነው፤ ለመዛግ ደግሞ አየር ይፈልጋል። እኔ በወረቀት አፍኜ፣ ካርቶኑንም ደፍኜ፣ ገና ዱሉዝ ሳትደርስ ገድያታለሁ።

«ከሰል ብታፍኝው ይጠፋል፤ ይሄም ያው ነው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ነው ያሉኝ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ልክ ናቸው። 15 ዓመት ተጎታች መኪና ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። አርብ ማታ የደረሰ ካርቶን የት እንደሚያድር ያውቃሉ። ቅዳሜና እሑድ ማሞቂያ የሌለው ተጎታች ውስጥ ስንት ካርቶን ቆጥረዋል! እኔ ግን ስለ ማሸጊያ እያስተማርኳቸው ስለነበር የሳቸው ሙያ ትዝ አላለኝም።

አለቃችን ፎሙን አልመለሰችም። ከኖቬምበር እስከ ማርች ቀለምና ኮላ ከመጋዘን የሚወጡት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ረቡዕም የሚላከው ቅርብ አገር ነው። በዓል ያለበት ሳምንት በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ተከበበ። ሐሙስ የሚመጣ ትዕዛዝ መደርደሪያ ላይ ያድራል። አንዳንድ ደንበኛ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ካርቶኑ ላይም አንድ ወረቀት እንለጥፋለን፦ ሲደርስ ሳትከፍቱና ሳትነቀንቁ አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሩት ይላል። የማሞቂያዋ ቦታ ላይ ደግሞ በእርሳስ ሁለት ቀዳዳ እንበሳለን። ወረቀት ካርቶንን መብሳት ቀላል ነው፤ ይሄ እንኳ ለአዲሱ ማሸጊያ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

መምህሯ ግን ቀለም ሰኞ ያስፈልጋታል። ዛሬ አርብ ሆኗል። በአዲሱ ደንብ መላክ አይቻልም።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ የመኪናዬን ጎማ በዓይናቸው ለኩና «በዚህስ አትደርሺም፤ በኔ እንሄዳለን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት 24ቱን ጠርሙስ የኋላ ወንበር ላይ ጫንን፣ በቀበቶ አሰርነው። ጋሼ ከመኪናቸው ኋላ ጋቢ አወጡ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ብርድ እንዳይቀድምህ ሁሉም ሰው መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ይይዛል፤ እሳቸው ጋቢ ነው የሚይዙት። ካርቶኑ ላይ አለበሱት። በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳን። ቀለሙ ሞቆት፣ እኔ እግሬ ደንዝዞ።

መምህሯ በር ላይ ጠበቀችን። አንድ ጠርሙስ አንስታ ገለበጠችው። ቢጫው ቀስ ብሎ እንደ ማር ወረደ። ሳቀች። ከዚያ ቀለሙን ትታ ጋቢውን መዳሰስ ጀመረች።

«ይሄ በእጅ የተፈተለ ነው?»

«በእናቴ እጅ» አሉ ጋሼ።

«እናንተ ጋ ይሸጣል?»

«አይሸጥም» ብለው አጠፉት፤ በጥንቃቄ፣ ጥግ ከጥግ እያገጣጠሙ።

ስንመለስ በረዶ ጀመረ። ጋሼ መኪናውን አስነሡና ጋቢውን ወደኔ ወረወሩት። «ቀለሙ ወርዷል። አሁን አንቺ ግቢ።»